የሎፍተን ምንጭ ተቆጪ

ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቦታ ሁሉ ማንም ያልሾመው አንድ ተቆጪ አይጠፋም። ቤተ መጻሕፍት ብትገቡ «ዝም በሉ!» ይላል፤ ሰልፍ ብትይዙ «ወደ ኋላህ ተመለስ!» ይላል። ደመወዝ የለውም፤ ዕረፍትም አይወጣም። በፍሎሪዳው የሎፍተን ምንጭ መናፈሻ ይህን ሥልጣን የያዙት ክብርት ሚስ ኦፓል ታገርት ናቸው። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ነበሩ። እሳቸው ጡረታ ሲወጡ ድምፃቸው አብሯቸው አልወጣም።

የመናፈሻው ጠባቂ ዌንዴል በእሳቸው የተነሳ ጨጓራውን ታሟል። ቅዝቃዜው ሲጀምር ማናቲ የሚባሉት የውሃ እንስሳት ሙቀት ፍለጋ ከወንዙ ወደ ምንጩ ይጎርፋሉ። ጎተራ የሚያካክሉ ግራጫ ፍጥረቶች ናቸው፤ ሣር ከመጋጥና ከመተኛት በቀር በማንም ላይ ክፉ አያስቡም። ሰው እነሱን ለማየት ይጎርፋል። ሚስ ኦፓል ደግሞ ሰውን ለመቆጣት ከሁሉም ቀድመው ይደርሳሉ።

«እጅህን ሰብስብ! ዓይን የተሰጠህ ለምን ይመስልሃል?»

ለእንስሳቱ ሰላጣ ሊወረውር የመጣን ሰውዬ ሰላጣውን ነጥቀው ለራሱ አስበልተውታል። ለፎቶ ብላ አጥር የወጣችን ሙሽራ፣ «ባል ሞልቷል፤ እነዚህ ናቸው ያለቁት! ውረጂ!» ብለው አስለቅሰዋታል። አንድ ፓስተር ምእመናኑን ሊያጠምቅ ቢመጣ፣ «ኃጢአታቸውን ቤትህ ገንዳ ውስጥ እጠብላቸው!» ብለው ሁሉንም ከነነጭ ልብሳቸው መልሰዋል። ከዚያ የተቆጡት ሁሉ ዌንዴል ጋ ይመጣሉ፤ ዌንዴልም ይቅርታ ሲጠይቅ ይውላል።

«ሚስ ኦፓል፣ እባክዎን ቀስ ብለው ይናገሩ።»

«ቀስ ብዬ ብናገር ኖሮ የጫንኳቸው ልጆች ሁሉ በመስኮት ወድቀው ያልቁ ነበር። አንተም ጭምር!»

እውነታቸውን ነው። ዌንዴልም በልጅነቱ በዚያ አውቶቡስ ተመላልሷል።

በጥር ወር፣ አንድ ውርጫም ጠዋት፣ ብርቱካናማ ጃኬት የለበሰ ጎረምሳ በፕላስቲክ ጀልባ የክልክሉን ቦታ ገመድ አልፎ ገባ። አንዲት ማናቲ ከግልገሏ ጋር ተኝታ ነበር። ፊቷን ወደ ካሜራው እንድታዞርለት በመቅዘፊያው ጎኗን ወጋ አደረጋት። አልዞረችም። ደገማት። ግልገሏ ደንግጦ ከእናቱ ተለየ።

«ተመለስ አንተ! ውጣ ከዚያ!» ሚስ ኦፓል ጮኹ።

«ሂጂ ቤትሽ ግቢ፣ አሮጊት!» ብሎ ሳቀና ለሦስተኛ ጊዜ መቅዘፊያውን አነሳ።

ሚስ ኦፓል ከነጫማቸው ገቡ። ውሃው ወገባቸው ላይ ሲደርስ የጀልባዋን አፍንጫ ጨብጠው ገለበጧት። ጎረምሳው ከነካሜራው ሰጠመና እየተንፈራፈረ ብቅ አለ። ግልገሉ በጀልባዋ ሥር አልፎ እናቱ ጎን ተለጠፈ። ዌንዴል እየሮጠ ሲደርስ ሴትየዋ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ አሁንም ይሳደቡ ነበር።

ጎረምሳው ተቀጣ። ግን ከነእርጥብ ልብሱ በቀጥታ የመናፈሻው አለቃ ቢሮ ገብቶ ሚስ ኦፓልን ከሰሰ።

«ሴትዮዋ ሰው ውሃ ውስጥ ገልብጣለች» አለ አለቃው ሃንኪንስ ዌንዴልን አስጠርቶ። «እስከ ብርዱ ወቅት መጨረሻ እዚህ ግቢ ድርሽ እንዳትል። አንተ ንገራት።»

«ጌታዬ፣ ልጁ እኮ እናቲቱን እየወጋት ነበር!»

«እሱ ተቀጥቷል። እሷም ትቀጣ።»

ዌንዴል በሩን እንዲህ በኃይል ዘግቶ አያውቅም። ሆኖም ሄዶ ነገራቸው። ሚስ ኦፓል ካልሲያቸውን እየጨመቁ ሰሙት።

«ይህን የምትነግረኝ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ፈሪ!» አሉት፤ ሄዱም።

ከዚያ በኋላ መናፈሻው ጸጥ አለ፤ ጸጥታው ግን ዌንዴልን አነደደው። አንዱ ዳቦ ይወረውራል፣ ሌላዋ እግሯን ውሃ ውስጥ ትነክራለች። በትሕትና ሲለምናቸው ፈገግ ብለውለት ይቀጥላሉ። በመጨረሻ ጉሮሮው እስኪነቃ ጮኸባቸው። ሥራ ከጀመረ ወዲህ በራሱ ላይ ክስ ሲቀርብበት ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነበር።

አንድ ጠዋት ከአጥሩ ውጭ፣ ከመኪናው መንገድ ድልድይ ላይ፣ ድምፅ ማጉያ አምባረቀ። «ባለ ቀይ ኮፍያው! አዎ አንተ! ከገመዱ ራቅ!» ሚስ ኦፓል ናቸው። ድልድዩ የመናፈሻው አይደለም፤ ማንም ሊያባርራቸው አይችልም።

«ሂድና አስቁማት!» አለ ሃንኪንስ።

ዌንዴል ሄደ። መንገድ ዳር ትኩስ ቅቅል ኦቾሎኒ ገዛና ድልድዩ ላይ ወጣ። የሴትየዋ አፍንጫ በብርድ ቀልቷል።

«ይብሉ፣ ያሞቅዎታል።»

ሚስ ኦፓል ኦቾሎኒውን ተቀበሉ፤ ከዚያ አፈጠጡበት። «አንተ እዚህ ስትንቀዋለል እዚያ ማን እየጠበቃቸው ነው?»

«ማንም።»

«ታዲያ ምን ይገትርሃል? ሩጥ!»

ሮጠ። በሩ ላይ ሃንኪንስ ጠበቀው።

«እሺ፣ ምን አለችህ?»

«ሥራህን ሥራ አሉኝ» አለ ዌንዴል እያለከለከ፤ በዚያ የብርድ ወቅት ከተሰጡት ትእዛዞች ሁሉ በደስታ የፈጸመው ይህንኑ ብቻ ነበር።