ራስህን እንዳታስደግፍ

ትናንት በጠራራ ፀሐይ ሕልም አየሁ። ከምሳ በኋላ ነው። ምን ላይ ተኝቼ እንዳየሁት መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። አሁን ብነግራችሁ ትስቁብኛላችሁ፤ እስከ ዛሬ የሳቁብኝ ደግሞ ይበቁኛል።

በሕልሜ ከግቢዬ ወጣሁ። በሩ ላይ ቢጫ ጄሪካኖች ተሰልፈዋል። ሁሉም እስከ አፋቸው ሙሉ ናቸው። ሰልፉ ከቦኖው ተነስቶ አስፋልቱን ይሻገራል። የሚጠብቁት ውሃ አይደለም፤ ሰው ነው። ክዳኗ የጠፋባት፣ አፏ በፌስታል የተወተፈ አንዲት አሮጊት ጄሪካን ከፊቷ የገባችውን ትሰድባለች።

«አንቺ! እኔ ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ተገትሬ አንቺ ከየት መጣሽ?»

«ወረፋዬን አስይዤ ነው የሄድኩት! ሽማግሌ አስቀምጬ ነበር፤ ያውልሽ!»

እውነትም እኛ ለወረፋ ድንጋይ በምናስቀምጥበት ቦታ አንድ ሽማግሌ ቁጢጥ ብለዋል። አልተነቃነቁም።

እኔን ሲያዩ ሁሉም ተንጫጩ። «ጋሼ! ጋሽ መኩሪያ! በኔ ይታጠቡ! ኧረ በኔ!»

«ዛሬ ፈረቃዬ አይደለም» አልኳቸው።

«ታዲያ መቼ ነው?»

«እኔ ምን አውቄ! ስመጣ ታዩኛላችሁ። ካልመጣሁም በትዕግሥት ጠብቁ። መስመር ላይ ብልሽት አለ።»

ዕድሜዬን ሙሉ ይህን መልስ ስሰማ ኖርኩ እንጂ እኔ ራሴ ለሌላ ሰው ስመልሰው ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ደስ አለኝ። አሮጊቷ ጄሪካን ግን አለቀሰች። ስታለቅስ አፏ ላይ ያለው ፌስታል ኮሽ ኮሽ ይል ነበር።

ለማታውቁኝ ልንገራችሁ። ፀጉሬ ረጅም ነው፤ ትከሻዬ ላይ ይወርዳል። ዘመናዊ ለመሆን ብዬ አይደለም። ጆሮዬ ትልቅ ስለሆነ ነው። ከቆረጥኩት ጆሮዬ ይሳቅበታል፤ ካሳደግኩት ወዙ ይሳቅበታል። ራሴ ወዛም ነው። ጠዋት ባጥበው ለምሳ ሰዓት አንድ ማንኪያ ዘይት ያፈሰሱበት ይመስላል። ልጄ ትርሲት ይህንኑ ፀጉር ወርሳለች፤ ርዝመቱንም ወዙንም። እናቷ ካረፈች በኋላ ያጠብኳትም የጎነጎንኳትም እኔ ነኝ። አሁን አድጋ የምትሄድበት የሴቶች ፀጉር ቤት አለ። የፀጉር ቤቱ ባለቤት አንድ ቀን በር ላይ ቆሜ ልጄን ስጠብቃት «ለእርስዎም ይሆናል» ብላ መከረችኝ፤ በሁለት በሦስት ቀን አንዴ፣ ሥሩን ብቻ፣ በጣት ጫፍ፣ በለብታ ውሃ። በየቀኑ ከታጠበ የራስ ቆዳው ይደርቅና እልህ ይዞት የባሰ ወዝ ያወጣል አለች። ጥሩ ምክር ነው። እኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ እሱም ደስ ካለው። ይህን ስነግራት «እንግዲህ…» ብላ ወደ ውስጥ ገባች።

እንግዲህ ይህንኑ ጥያቄ ይዤ በሕልሜ አንድ ቢሮ ገባሁ። ወንበሮቹ ሰዎቹ ላይ ተቀምጠዋል። በሩ ላይ «የረጃጅም ፀጉር ጉዳይ ኮሚቴ» ይላል። ከጠረጴዛው ኋላ ሦስት ሰዎች ተደርድረዋል፤ ሦስቱም ራሰ በራ ናቸው። ራሳቸው ከመብራቱ በላይ ያበራል።

«ጥያቄህ ምንድነው?» አለኝ የመጀመሪያው።

«ወዛም ራስና ረጅም ፀጉር ያለው ሰው በየስንት ቀኑ ይታጠብ?»

«በየቀኑ!» አለ የመጀመሪያው።

«በየክረምቱ!» አለ ሁለተኛው።

ሦስተኛው ተኝቶ ያንኮራፋ ነበር። ድምፅ ተሰጠና የተኛው አሸነፈ።

«ፀጉር ኖሯችሁ ያውቃል?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

ሦስቱም፣ የተኛውም ጭምር፣ በአንድ ላይ ሳቁብኝ። «ፀጉር ያለው ሰው በጉዳዩ ጥቅም አለውና እንዴት ኮሚቴ ይገባል?» አሉኝ። ከዚያ ማኅተም አምጥተው በወረቀቱ ፈንታ ግንባሬ ላይ መቱት። «ከዛሬ ጀምሮ አንተ ፀጉርህን አታጥብም። ፀጉርህ አንተን ያጥባል።»

ወጥቼ ስሄድ ፀጉሬ ከኋላዬ አንገቴን ይፈትገኝ ጀመር። እንዲህ የሚያስብልኝ አንድ ነገር እንኳ እንዳለኝ አላውቅም ነበር።

ውጪ ሕዝብ ተሰብስቧል። ከዳር እስከ ዳር ቀይ ጨርቅ ተወጥሯል፤ በትልልቁ «ወዛደር ይለምልም!» ተጽፎበታል። እዚህ ላይ ቆሜ ነገሩን ማስረዳት አለብኝ። እኔ ትምህርት ቤት በነበርኩበት ዘመን ወዛደር የሚባለው ቃል በየአደባባዩ ተሰቅሎ ይጨበጨብለት ነበር። ስድስተኛ ክፍል ያስተማረን መምህር ደግሞ አንድ ቀን ግድግዳውን ተደግፌ ሲያየኝ «ኧረ ተው ወዛደሩ! ቀለሙን ዘይት አታጠጣው!» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ስሜ ወዛደሩ ሆነ። አደባባይ ላይ ክብር የሆነ ቃል እኔ ላይ ሲደርስ ስድብ ሆነ። ከትምህርት የወጣሁት በዚህ ነው ብል አታምኑኝም። አትመኑኝ።

በሕልሜ ግን ያ መምህር የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ያጨበጭባል። ሕዝቡ እኔን ሲያይ መንገድ ለቀቀ። ሁሉም ፀጉራቸው እንደ ጭድ ደርቋል። አንዱ የግቢውን የብረት በር ነቅሎ ተሸክሞት መጥቷል።

«ጋሽ ወዛደሩ፣ በሬ እየጮኸ ከጎረቤት አጣላኝ። አንድ ጊዜ ራስዎን ማጠፊያው ላይ ያድርጉልኝ።»

አደረግኩለት። በሩ ዝም አለ። ሕዝቡ አጨበጨበ።

አንዲት ሴት ደግሞ ባዶ ማሰሮ ይዛ «ቅቤ የሚቀመስ አልሆነም፤ እባክዎ ለሙሽራዋ ራስ የሚሆን ትንሽ» አለችኝ። ራሴን ዘንበል አደረግኩላት። የሚኒባስ ረዳት በመስኮት ብቅ ብሎ «ሞተር አለቀሰብን፣ ፋዘር!» እያለ ይጠራኛል። እኔም እየተቆጣሁ «ሰልፍ ያዙ! ሰልፍ!» እላለሁ። ሰው ሲፈልግህ መቆጣት እንዴት እንደሚጣፍጥ ያወቅኩት ያኔ ነው። ለካስ ባለሥልጣን የሚቆጣው ለዚህ ነው።

ሳላስበው አንድ ሳሎን ውስጥ ራሴን አገኘሁት። ሳሎኑን አወቅኩት። የእትዬ ዘርፈሽዋል ቤት ነው።

የዛሬ ሠላሳ ምናምን ዓመት ስመኝ የምትባል ልጅ እወድ ነበር። እሷም አልጠላችኝም። አንድ እሑድ እናቷን ላስተዋውቅህ ብላ ወሰደችኝ። እናቷ እትዬ ዘርፈሽዋል ሶፋ ላይ አስቀመጡኝ። መደገፊያው ላይ በእጃቸው የሠሩት ነጭ ዳንቴል ተነጥፏል። ሻይ ጠጣሁ፤ ተጫወትኩ፤ ተደገፍኩ። ልወጣ ስነሳ፣ ገና በሩን ሳላልፍ፣ እትዬ ዘርፈሽዋል ዳንቴሉን በሁለት ጣታቸው አንስተው፣ ከሰውነታቸው አርቀው፣ ወደ ጓዳ ይዘውት ገቡ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ስመኝ ከዚያ ወዲህ ሥራ በዛባት።

በሕልሜ ያው ሳሎን ነው፤ ግን በግድግዳው ላይ የሰው ፎቶ የለም። ዳንቴል በመስታወት ፍሬም ተደርጎ ተሰቅሏል። መሐል ላይ ክብ፣ ቢጫ፣ የራስ ቅርጽ ያለው እድፍ አለበት። የኔ ነው። እትዬ ዘርፈሽዋል እግሬ ሥር ተንበርክከዋል።

«ያኔ የተዉልን ናት፤ እየሳሳንላት አኖርናት።»

«በሁለት ጣትዎ ያነሷት?»

«ታዲያ እንዴት ትያዝ? ፎቶ በሁለት ጣት አይደል የሚያዘው፤ እንዳይበላሽ ተብሎ!»

ያኔ «አንተ» ነበር የሚሉኝ።

አዲስ ነጭ ዳንቴል አምጥተው ሶፋው ላይ አነጠፉ። ስመኝ ከጓዳ ብቅ አለች፤ አንድ ቀን አላረጀችም፤ ሥራም አልበዛባትም። «ይደገፉ፣ የኔ ጌታ» አሉኝ እናቷ። «አንድ ጊዜ ይደገፉና ልጄን ይውሰዱ።»

በሩ ተንኳኳ። ልጄ ትርሲት ገባች። ጋቢ ደርባ ከዘራ ይዛለች። ለሽምግልና ነው የመጣችው፤ ለኔ።

«አባቴን ለልጃችሁ ልለምን መጥቼ ነበር» አለች። ከዚያ ዳንቴሉን አየችና ፊቷ ተለወጠ። «አባዬ! ራስህን እንዳታስደግፍ!»

ይህን ቃል ትናንት ጠዋትም ብላኛለች፤ በእውኔ። ነገሩ እንዲህ ነው። ትርሲት ልታገባ ነው። ትናንት የእጮኛዋ ቤተሰቦች ለትውውቅ ምሳ ጠርተውን ነበር። ውሃ ከመጣ ሳምንት አልፎታል፤ ቤት የቀረን አንድ ጄሪካን ነው። በዕቃ ማጠቢያው ላይ አጎንብሳ እኔ ራሴ አፈሰስኩላት፤ ፀጉሯ ረጅም ነው፣ ሁለቴ ካልታጠበ ወዙ አይለቅም፤ ውሃው አለቀ። «አንተስ?» አለችኝ ፎጣ እየጠቀለለች። «እኔን ማን ያየኛል» አልኳት። ታክሲ ውስጥ፣ ልንወርድ ስንል፣ በመስኮቱ ወደ ውጪ እያየች «አባዬ፣ እነሱ ቤት ሶፋው ዳንቴል አለው። እባክህ ራስህን እንዳታስደግፍ» አለችኝ። ስለ እትዬ ዘርፈሽዋል ነግሬያት አላውቅም። ለማንም ነግሬ አላውቅም።

በሕልሜ ግን የቃሉ ትርጉም ሌላ ነው። ወዲያው ገባኝ። እዚያ ዳንቴል ላይ ከተደገፍኩ ስመኝን አገባለሁ። ስመኝን ካገባሁ የትርሲትን እናት አላገኛትም። ትርሲት ቀና ብላ እያየችኝ ነው፤ ፀጉሯ ከጫፉ ጀምሮ ማጠር ጀምሯል።

«ይደገፉ እንጂ!» አሉ እትዬ ዘርፈሽዋል። «ይኸው ንጹሕ ነው፤ ለርስዎ ብዬ ነው ያጠብኩት!»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ወዲያው እምቢ አላልኩም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የተመኘሁት ልመና ነው። ትንሽ ይለምኑኝ ብዬ ቆየሁ። ጉልበቴን ሳሙ፤ ዝም አልኩ። ስመኝ አለቀሰች፤ ዝም አልኩ። የትርሲት ፀጉር ወገቧን ለቀቀ፣ ትከሻዋን ለቀቀ፣ ወደ ላይ ወጣ። ጆሮዋ ተገለጠ። ጆሮዋም የኔ ነው።

«አልደገፍም!» ብዬ ጮህኩ።

ሕዝቡ በመስኮት ገባ። «ተደገፍ! ተደገፍ!» ይላሉ። ኮሚቴው ማኅተሙን ይዞ መጣ። ጄሪካኖቹ ሳይቀሩ ግንባሬን ወደ ኋላ ይገፉኛል። እኔ አንገቴን ወጥሬ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። ራሴ ውሃ እንደሞላ ጄሪካን ከበደኝ። አንገቴ ተንቀጠቀጠ። ልጄን እያየሁ «አልደገፍም፣ አይዞሽ፣ አልደገፍም» እላለሁ።

ያኔ አንድ እጅ ከኋላዬ መጣ። ማጅራቴን ቀስ ብሎ፣ እንደ ሕፃን ራስ፣ ከፍ አደረገልኝ። የትርሲት እጅ ነው፤ አወቅኩት። አባቴ ለኔ ብሎ እምቢ አለ፣ አንገቱ ደከመ ብላ ልትደግፈኝ መጣች አልኩ። ዓይኔ እንባ ሞላ። ከራሴ ኋላ የሆነ ነገር ኮሽ ኮሽ አለ። አሮጊቷ ጄሪካን መሰለችኝ።

ነቃሁ።

የትርሲት እጮኛ እናት፣ የወይዘሮ አሰገደች ሶፋ ላይ ነኝ። አፌ ተከፍቷል። ሳሎን ያለው ሁሉ ወደኔ ያያል፤ ወይዘሮ አሰገደች የያዙትን ሰሐን ወደ ጓዳም አይወስዱት፣ አያስቀምጡትም። ራሴ ከተደገፈ ቆይቷል። በራሴና በነጩ ዳንቴል መሐል ቢጫ ፌስታል ገብቷል፤ ብርቱካን ይዘንላቸው የመጣንበት ፌስታል ነው። ትርሲት አጎንብሳ ጠርዙን ታስተካክላለች። ፀጉሯ ፊቴ ላይ ወረደ። ሻምፖ ሻምፖ ይሸታል።

«ተኛ አባዬ» አለችኝ ጆሮዬ ላይ፣ «ዳንቴሉን አልነካኸውም።»