ጋሽ ወዳጆና ባለ በርኖሱ

«አቁመው! ምንተስኖት፣ አቁመው ብዬሃለሁ!»

ጋሽ ወዳጆ ከፊተኛው አግዳሚ ተነስተው ቆመዋል። ጥላቸው የስክሪኑን ግማሽ ሸፍኖታል። በቀረው ግማሽ ላይ በርኖስ የለበሰ ጎረምሳ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ፣ እጆቹን ዘርግቶ፣ በግዕዝ ይደግማል። ሊበር ነው።

«ይኼ እኮ ግንዘት ነው!» አሉ። «ሬሳ ላይ የሚደገም! ልጁ ሊበር ነው ወይስ ሊቀበር?»

ሌላ ቀን ቢሆን ቤቱ በሳቅ ይፈርስ ነበር። ዛሬ አንድ ሰው ብቻ ሳቀ፤ እሱንም አጠገቡ የተቀመጠው በክርኑ ደቆሰውና ሳቁን ዋጠው።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ፊልም ቤት የለም። አዲስ አበባ ብትወርዱ አለ፤ ራቤል ብትወጡ አለ። ከሁሉም ፊት ይቀመጣል። ተዋናዩ አፉን ሳይከፍት መልሱን ይናገርለታል። ማን እንደሚሞት ሟቹ ሳያውቅ እሱ ያውቃል። ፊልሙን ሊያይ አይመጣም፤ ሊዳኝ ነው የሚመጣው።

የእኛ የመሐል ሜዳ ከተማ ዳኛ ክቡር ሊቀ ሐያስያን ጋሽ ወዳጆ ናቸው። ማዕረጉን የሰጠናቸው እኛ ነን፤ እሳቸው ግን ይዘውት እንደተወለዱ ያምናሉ። በልጅነታቸው ዜማ ቤት ገብተው ነበር፤ ኋላም መጋዘን ጠባቂ ሆነው ጡረታ ወጡ። የመጀመሪያው ጆሯቸውን፣ ሁለተኛው ጥርጣሬያቸውን ሳለላቸው። ፍርዳቸው ሁልጊዜ «ጎበዝ፤ ግን…» ብሎ ይጀምራል። «ጎበዝ» ወዲያው ያልቃል። «ግን» እስከ እራት ይዘልቃል።

አንድ ጊዜ የህንድ ፊልም አስቁመው ዘፋኟ ቤት ሳትገባ ልብሷን የት እንደቀየረች ጠይቀውናል። የቻይናው ተፋላሚ ቁስሉን በአረቄ ሳያጥብ መሮጡን አጥብቀው ተቃውመዋል። የእህታቸው ልጅ የሠርግ ቪዲዮ ሲታይ እንኳ፣ ዘመድ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ «ሙሽራዋ ጎበዝ ናት፤ ግን ትቸኩላለች» ብለዋል። ትዳሩ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ማን ይቻላቸው።

እኛም የራሳችን ሥርዓት አለን። ሊቀ ሐያስያን ሲነሱ ቤቱ በአንድ ድምፅ «ቁጭ በሉ!» ይላል። ከኋላ የተቀቀለ ባቄላ ይወረወራል። እሳቸው አንዷን ከትከሻቸው ላይ ያነሱና ይበሏታል፤ «ጨው ያንሳታል» ይላሉ፤ ይቀመጣሉ። ይህ ካልሆነ ፊልም አየን አንልም።

ዛሬ ግን ማንም ቁጭ በሉ አላለም። ባቄላ የወረወረም የለም።

ምክንያቱን ከእሳቸው በቀር ቤቱ ሁሉ ያውቃል። አንድ ልጃቸው ቃለአብ የአይሱዙ ሾፌር ነበር። ጠዋት ገብስ ጭኖ ሲወርድ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን እምቢ ብሎት ገደል ገብቷል። ወሬው ቀትር ላይ ደረሰን። መምሬ ገብረ አማኑኤል፣ የንስሐ አባታቸው፣ ሰብስበውን አስጠነቀቁ፦ «እስኪነጋ ማንም ትንፍሽ እንዳይል። እህታቸው ደብሪቱ ከሞላሌ ማታ ትገባለች። ስትመጣ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ በወጉ እናረዳቸዋለን።»

መርዶ በእኛ አገር በጠዋት ነው። ችግሩ እስከ ጠዋት ያለው ጊዜ ነው። ጋሽ ወዳጆ ቤት ቢቀመጡ ጎረቤት ፊቱ ያሳብቅበታል። ገበያ ቢወጡ አንዱ ሳያውቅ «እግዚአብሔር ያጥናዎ» ይላቸዋል። ስለዚህ የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ምንተስኖት ሄዶ «ጋሼ፣ አዲስ ፊልም መጥቶልኛል፤ ይዩና ይፍረዱልኝ» አላቸው። ስልካቸውንም «ቻርጅ ላድርግልዎ» ብሎ ወሰደ። ሌሎቻችን ተጠራርተን አግዳሚዎቹን ሞላን። እኔ እንደወትሮዬ ከኋላቸው ተቀመጥኩ። በጋዜጠኝነት ዘመኔ ብዙ የሞት ዜና ጽፌአለሁ፤ አንዱንም አፌ ውስጥ አሳድሬው አላውቅም ነበር።

ፊልሙ «ባለ በርኖሱ» ይባላል። እውነቱን ለመናገር ትልቅ ነገር አስቧል። ከሰማይ የሚወርድ ጀግና አማርኛ ሲናገር፣ ቋጥኙም የእኛን ቋጥኝ ሲመስል ማየት ደስ ይላል። ጠላቱ የውርጭ ጌታ ነው። መንደሩ በውርጭ አልቆ የደረሰለት ስላጣ፣ እሱ ራሱ ውርጭ የሆነ ሰው። እዚህ ላይ ጋሽ ወዳጆ «ጎበዝ!» ብለው ጭናቸውን መቱ። «ክፉውን ሰው አድርገውታል። ይኼ ቀላል አይደለም።» ከዚያ «ግን» መጣ።

«ግን ጓሳ ላይ፣ በዚያ ብርድ፣ በማለዳ ደረቱን ገልጦ የሚቆም ጀግና አይባልም። በሽተኛ ነው።»

«ግን ሁሉም ሰው በርኖሱን ሲደርብ ‘ይህ የአባቶቼ ልብስ ነው’ ይላል። ማን ነው እንዲህ ሲል የሰማ? እኛ ብርድ ነው ብለን ነው የምንደርበው!»

ልክ ነበሩ። ፊልሙ ባህሉን ይወደዋል፤ ነገር ግን እንደ አስጎብኚ እያስረዳ ነው የሚወደው። በሌላ ቀን ይህን ነጥቄ እከራከራቸው ነበር። አሁን ግን ጀርባቸውን እያየሁ ዝም አልኩ።

ከዚያ ያ ትዕይንት መጣ። አንድ አይሱዙ ፍሬኑ ተበጥሶ ቁልቁለት ይወርዳል። ባለ በርኖሱ መንገዱ መሐል ወርዶ በአንድ እጁ ያቆመዋል። ሾፌሩ ወርዶ ያቅፈዋል።

ጋሽ ወዳጆ ሳቁ። ብቻቸውን ሳቁ። ወደ እኛ ዞሩ።

«የተጫነ አይሱዙ! በመዳፍ! ቃለአብ ይምጣ ብቻ፤ እጠይቀዋለሁ። አባቱን አያምንም፤ ‘አንተ ስለ መኪና ምን ታውቃለህ’ ነው የሚለኝ። ይኼን ግን አሳየዋለሁ። ምንተስኖት፣ እሱ ሲመጣ ደግመህ ትከፍትልናለህ።»

«እሺ ጋሼ» አለ ምንተስኖት።

ፊልሙ ቀጠለ። ባለ በርኖሱ የውርጭን ጌታ አሸንፎ እሱም ወደቀ። ምሽት ነው። እናቱ ብቻዋን ቤት ተቀምጣለች። ስልክ ጮኸ። አነሳች። አንድ የማናውቀው ድምፅ «ልጅዎ ሞቷል» አላት።

ጋሽ ወዳጆ ተነሱ። አሁን አልጮሁም።

«አቁመው።»

ምንተስኖት አቆመው። እናትየዋ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ቀረች።

«ፊልሙን የሠሩትን የገደላቸው ይኼ ነው» አሉ። «ይበር፤ ግድ የለኝም። መኪና በመዳፉ ያቁም። መርዶ ግን እንዲህ አይነገርም። መርዶ በጠዋት ነው። ዘመድ ከሩቅ ይጠራል። ቄስ ይቀድማል። ሰው ግቢውን ይሞላል፤ ሲወድቅ የሚይዘው እንዲኖር። ማታ የተረዳ ሰው ሌሊቱን ከማን ጋር ያነጋዋል? እስኪነጋ ይደብቁታል፤ ያጫውቱታል፤ ይታገሱታል፤ ክፉ ቃል…»

አቆሙ።

ፊታችንን አንድ በአንድ አዩ። በስተኋላ መምሬ ገብረ አማኑኤል በሩን ተደግፈው ቆመዋል። መምሬ ፊልም ቤት ገብተው አያውቁም።

«ዛሬ ምነው ቁጭ በሉ የሚለኝ ጠፋ?» አሉ ጋሽ ወዳጆ።

መጠንቀቅ አብዝተን ነበር። አንድ ፍሬ ባቄላ ብንወረውር ኖሮ እስከ ጠዋት ይደርሱ ነበር። እኔ ያለ እሳቸው ፊልም አይጥመኝም፤ ለዚህ ነው ሁልጊዜ ከኋላቸው የምቀመጠው። ይህን አንድ ቀንም ነግሬአቸው አላውቅም፤ ያን ጊዜም አልነገርኳቸውም። ያለኝን ድምፅ ሁሉ አውጥቼ ጮህኩ፦

«ቁጭ ይበሉ እንጂ ጋሼ! ፊልሙን እንይበት!»

ትንሽ አዩኝ። ስቀው ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

«እሺ ልጄ» አሉ። ልጄ ብለውኝ አያውቁም፤ «ጋዜጠኛው» ነው የሚሉኝ። ተቀመጡ።

የቀረውን ያለ አንድ ቃል አዩት። ባለ በርኖሱ በመጨረሻ ከሞት ተነሳ። ከፊልሙ ሁሉ የባሰው ስህተት እሱ ነበር፤ ሞትን አምጥቶ፣ ፈርቶ መለሰው።

ስንወጣ ምንተስኖት ስልኩን ይዞ በሩ ላይ ጠበቃቸው። እንደ ልማዱ ጠየቀ፦ «ጋሼ፣ እንዴት አዩት?»

«ጎበዝ ናቸው» አሉ።

«ግን»ን ጠበቅን። አልመጣም።

ምንተስኖት ስልኩን ዘረጋላቸው። አልተቀበሉትም።

«እዚያው ይደር» አሉና ጋቢያቸውን አጣፍተው ወደ ቤታቸው ሄዱ። መምሬ ከኋላ ከኋላቸው ተከተሉ።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ደብሪቱንና መምሬን አስቀድመን ሄድን። የግቢው በር ክፍት ነበር። ጋሽ ወዳጆ የቤታቸውን አግዳሚዎች ለሚመጣው ሰው አውጥተው ደርድረዋቸዋል። መምሬ ተናግረው እስኪጨርሱ ቆመው ጠበቁ፤ ከዚያ አለቀሱ።