የዶን ኤውስታኪዮ መስፈሪያ

ሰው በሚሠራበት ሁሉ አንድ ሰፋሪ አይጠፋም። ድግስ ላይ ወጥ ጨላፊ፣ መጋዘን ውስጥ ቁልፍ ያዥ ሆኖ ይገለጣል። ፊቱ የክረምት ሰማይ፣ እጁ የበጋ ምንጭ፤ አንዱ አይፈካም፣ ሌላው አያንጠባጥብም። አሱንሲዮን ከተማ ያለው ቢሯችን ይህን ጸጋ የታደለው በክቡር ዶን ኤውስታኪዮ ነበር።

የምንጽፋቸው ፕሮግራሞች ኮንቴይነር በሚባል በየራሳቸው ክልል ሆነው ስድስት ሰርቨሮችን ይጋራሉ። ለየትኛው ስንት ሜሞሪና ፕሮሰሰር እንደሚያዝለት፣ ከየትስ እንዳያልፍ የሚወስነው አንድ ፋይል ነው፤ ፋይሉ ደግሞ የዶን ኤውስታኪዮ። የሜሞሪ ጣሪያውን የጣሰ ፕሮግራም ያለ ማስጠንቀቂያ ይገደላል። እሳቸው ሬሳውን አይተው፣ "ሆዳም ነበር" ብለው ቴሬሬ የሚባለውን ቀዝቃዛ የቅጠል ሻያቸውን ይመጥጣሉ።

ባልደረባዬ ሪጎቤርቶ ትኩስ ቺፓ ዳቦ ይዞ ጭማሪ ቢለምናቸው፣ ዳቦውን አጣጥመው በሉና ሃምሳ ሜጋ ቀነሱበት። "የራበው ሰው ዳቦ አያድልም" አሉት።

እኔ ለፕሮግራሜ አራት ጊጋ ጠየቅኳቸው።

"ምን ሊያደርግልሽ፣ ኒልዳ?"

"ለክፉ ቀን ነዋ።"

"ሳምንት ሙሉ ተቀምጬ አይቼዋለሁ፤ ከግማሽ ጊጋ በላይ በልቶ አያውቅም። ባዶ ወንበር ላይ ባርኔጣ አስቀምጦ 'ሰው አለበት' ማለት ነውር ነው፣ ልጄ።"

"የአባትዎን ርስት አልጠየቅኩም።"

"የአባቴ ቢሆንማ እሰጥሽ ነበር። የሌላ ሰው ነው።"

ስድስት መቶ ሜጋ ሰጡኝ። በየደረስኩበት አማኋቸው።

እህታቸው ሞታ ለቀብር ወደ ካአኩፔ ከተማ ሲሄዱ፣ አለቃችንን አግባብቼ ፋይሉን አስከፈትኩ። ቢሮው ሠርግ ቤት ሆነ። ሁሉም የልቡን ያህል አስያዘ፤ እኔም አራቱን ጊጋዬን ወሰድኩ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ አንዱ ሰርቨር ተበላሸ። እዚያ ላይ የነበረው፣ ለሆስፒታሎች ደም ለጋሽ የሚፈልገው ፕሮግራም፣ ወደ ሌሎቹ ቢሸሽ የሚያስጠጋው አጣ። ሰርቨሮቹ ግማሽ ጎናቸው ሥራ ፈት ነው፤ በፋይሉ ግን ሁሉም ተይዟል። አንዲት ነርስ ደወለች።

"የወለደች ሴት እየደማችብኝ ነው። ዝርዝሩ አልከፈት አለኝ።"

አልጮኸችም። እስካሁን የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

ዶን ኤውስታኪዮ ጋ ደወልኩ። ከበስተጀርባቸው የቀብር ደወል ይሰማል።

"የማንን ልቀንስ?"

"የማንን ትጠይቂኛለሽ? የራስሽን።"

ቀነስኩ። ፕሮግራሙ ቦታ አገኘ፣ ደሙ ደረሰ፣ ሴትዮዋ ተረፈች።

አለቃችን ፋይሉ እንዲከፈት የፈቀደው ራሱ ስለነበር ሌላ ጥፋተኛ በብርቱ ፈለገ። ዶን ኤውስታኪዮ ከሐዘን ተመልሰው፣ "ፋይሉ የኔ ነው" አሉ። አለቃችን ያለ ዕድሜያቸው በጡረታ አሰናበታቸው። አፍ ነበረኝ፤ አልተነፈስኩም።

ሰፍሮ የሚሰጠውን ሁሉም ይረግመዋል፤
መስፈሪያው ሲሰበር ማን ይመልሰዋል?

ባለፈው እሁድ ቤታቸው ሄድኩ። ይቅርታዬን ሳልጨርስ አቋረጡኝ።

"ለደሙ ፕሮግራም ስንት ተይዞለታል?"

"እርስዎ የተዉለት ነው፤ ሦስት መቶ ሜጋ።"

ቴሬሬውን ሞልተው አቀበሉኝ።

"ጨምሪለት" አሉ።

በአሥራ አንድ ዓመት ይህን ቃል ከአፋቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ፊቴን ወደ ግቢያቸው ማንጎ ዛፍ አዙሬ ጠጣሁ።