መሬት ያጡ ኮምፒውተሮች

ደጋ ያደገ ሰው መሬት ሁሉ መሬት ይመስለዋል። እኔም ሰመራ በኮምፒውተር ባለሙያነት እስክቀጠር ድረስ እንደዚያው ነበርኩ።

የመሥሪያ ቤታችን ኮምፒውተሮች ይነክሳሉ። ተሳስቼ አልጻፍኩም፤ መብራት ሄዶ ጄኔሬተር ሲነሳ ብረታቸውን የነካ ሁሉ ይነዘራል። በኔትወርክ ገመድ ስለተያያዙ ደግሞ አንዱ ካመፀ ሁሉም ያድማሉ። የወሎዋ ጸሐፊያችን ዘይነባ የላስቲክ ጫማዋን ሳታጠልቅና "ቢስሚላህ" ሳትል የእሷን አታበራም።

ቢቸግረኝ አዲስ አበባ ላሉት አለቃዬ ደወልኩ።

"ጋሼ፣ ኮምፒውተሮቹ መሬት የላቸውም።"

"ስንት ካሬ ይበቃቸዋል?"

"የሚቀመጡበት አይደለም... ትርፉ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወርድበት ማለቴ ነው።"

"የእሱ ብረትማ ጓሮ ተቀብሯል። የፊታችን ሳምንት መጥቼ አሳይሃለሁ። ያን ቀን ካልሠራ ግን አንተ ሌላ ሥራ ትፈልጋለህ።"

የሙከራ ጊዜዬን አልጨረስኩም። እየሮጥኩ ጓሮ ሄጄ ብቆፍር ብረቱ ከነሽቦው እውነትም አለ፤ አፈሩ ግን ደርቆ እንደ በሶ ይቦናል። አዋሽ ሰባት ኪሎ ያለ ኤሌክትሪሻን ጓደኛዬ በስልክ፣ "ደረቅ አፈር ኤሌክትሪክ አይውጥም። ጨው ነስንስና ውሃ አጠጣው" አለኝ። አፋር ላይ ደግሞ ጨው አይጠፋም። ጆንያ ሙሉ ነሰነስኩና በየጠዋቱ አጠጣ ጀመር። የሰፈሩ ሰው "ብረት ዘርቷል" ብሎ ሳቀብኝ። ኮምፒውተሮቹ ግን በግ ሆኑ።

አለቃዬ መጡ። "የታለ የሚነክሰው?" ብለው እጃቸውን የዘይነባ ኮምፒውተር ጀርባ ላይ ጣል አደረጉ። ያኔ መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ ተነሳ። አለቃዬም ተነሱ።

ምን ነካው ብዬ ወደ ጓሮ ስወጣ አለቃዬም እጃቸውን እያሹ ተከተሉኝ። ፍየሎች ብረቱን ከበው ጨዋማውን አፈር ይልሳሉ። "ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ" ሲባል ሰምታችኋል፤ ቅጠል በሌለበት አገር የምትበጥሰው ሽቦ ነው።

"የማን ናቸው?" አሉ አለቃዬ።

"የኔ ናቸው" አሉ ጎረቤታችን አባ ሁመድ፣ በአጥሩ ክፍተት እየገቡ። "ወተታቸው ጨምሯል። መንግሥት እንዲህ ሲያስብልን የመጀመሪያው ነው፤ አላህ ይስጥልን።"

አለቃዬ የተመሰገነ ሥራ አይነቅፉም። እዚያው ቆመው ሽቦው እንዲቀጠል፣ ለብረቱ የሽቦ አጥር እንዲሠራለት፣ ለፍየሎቹ ጨው ለብቻ እንዲቀመጥ፣ ውሃም በየቀኑ እንዲቀርብ ፈቀዱ።

ሲሄዱ ዘይነባ ጠጋ አለችኝ።

"ለብረቱም ለፍየሉም ፈቀዱ። ላንተስ ምን ፈቀዱልህ?"

"ማጠጣቱን።"