አባ ነጎድጓድ ሁለቱን ጊታሮች ዓይናቸውን ታስረው የዳኙበት ዜና

አሮጌዪቱ ጊታር በነገሠች በዓሥራ አንደኛው ዓመት፣ የታችኛው ፎቅ ጎረቤት ጣሪያዋን በመጥረጊያ እንጨት መደብደብ በጀመረች በዓሥረኛው ዓመት፣ ኃያለ አጻብዕ፣ ንጉሠ አውታር፣ የሠርግ ባንድ አለኝታ አባ ነጎድጓድ፣ ፋብሪካው የአሮጌዪቱን ሞዴል ሽሮ በምትኳ ያነገሣትን አዲሲቱን የኤሌክትሪክ ጊታር ከሱቅ አስመጡ፤ ሱቁም ካልተስማማቻቸው በሰባት ቀን ይመልሷት ዘንድ ፈቀደ።

ወእምዝ፣ በአራተኛው ቀን፣ ልብስ ሰፊዋ ባለቤታቸው በስፌት መኪናውና በሁለቱ ጊታሮች መካከል መተላለፊያ ቢያጡ እንዲህ አወጁ፦ «ስማ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! በገዛ ቤቴ እንደ ሸርጣን በጎን አልሄድም። ዛሬ ፀሐይ ሳትጠልቅ አንዷ ትውጣ። የድሮዋ ከወጣች ለወንድሜ ናት!»

ወንድምየውም የባንዱ ቤዝ ተጫዋች ነበር፤ አሮጌዪቱን ሲመኛት ዓመታት ስላለፉ ደስታውን በማሳል ደበቀ።

በዚያው ቀን የባንዱ ሠራዊት ተሰበሰበ፤ ድራመሩ ከነዱላው፣ ኪቦርዲስቱ ከነገመዱ፣ ዘፋኟ ከነጉንፋኗ። አባ ነጎድጓድም የአዲሲቱን ክብር ዘረዘሩ፤ ክብደቷ እንደ ቀለለ፣ አንገቷ እንደ ለሰለሰ፣ ክሯ እንደማይላላ፣ ድምፅዋም እንደ ጠራ፤ በሦስቱ ቀን ንግሥናዋ የጎረቤት መጥረጊያ አንዴም አልተነሣምና። አሮጌዪቱ ግን ቀለሟ የተላጠ፣ በየዘፈኑ መሀል ካልተቃኘች የማትታዘዝ፣ ድምፅ መጨመሪያዋ ወልቆ በጥርስ ሳሙና ክዳን የተተካ፣ በተሰካች ቁጥር «እዝዝዝ» እያለች ወለሉን የምታንዘረዝር ነበረች። እውነቱን ለመናገር፣ ይህን የጻፈው ጸሐፊም ልቡ ወደ አዲሲቱ አዘነበለ።

አባ ነጎድጓድም አወጁ፦ «ዓይኔን እሰሩልኝ! አማቼ ሁለቱንም ይጫወት። ጆሮዬ የመረጣት ትቀራለች። ቃሌን ባጥፍ ጣቴ ይታጠፍ!»

በገበር ጨርቅ ዓይናቸው ታሰረ። አንደኛዋ ስትመታ ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉ፤ ሁለተኛዋ ስትመታ ግን ገበሩ በእንባ ራሰ፤ ድምፃቸውንም ከፍ አድርገው፦ «አዲሷ ማለት ይቺ ናት! ይህን ሙቀት አሮጊቷ ከየት ታመጣዋለች?» ሲሉ አወጁ።

ሠራዊቱ በተመታችው ጊታር ላይ የጥርስ ሳሙናውን ክዳን አይቶ እርስ በርሱ ተጠቃቀሰ። ቤዝ ተጫዋቹ ብቻ ፈጥኖ፦ «የጋሼ ጆሮ አይሳሳትም! አዲሷ ናት፤ እኔም ድርሻዬን ልውሰድ!» ብሎ አወጀና፣ ዓይናቸው ሳይፈታ አሮጌዪቱን ወደ ቦርሳዋ መክተት ጀመረ።

በዚያች ቅጽበት ከወለሉ ሥር ድም! ድም! ድም! የሚል ተሰማ።

አባ ነጎድጓድ ጨርቁን ከዓይናቸው በጠሱ፤ በአማቻቸው እቅፍ ያለችውንም ዐወቋት። ለካ እዝታዋን እንደ ገዛ ትንፋሻቸው ለምደውት ኖሮ ሙቀት መስሏቸዋል። አፈሩ፤ ከማፈራቸው ይልቅ ግን ደስ አላቸው። አዲሲቱም በዚያው ቀን በሙሉ ክብር ወደ ሱቅ ተመለሰች፤ ተሸካሚዋም ለቅጣቱ አማችየው ሆነ።

እነሆ፣ ራሱን በገዛ ጆሮው ረትቶ ድል የነሣ ጀግና፣ ከአፉ ይልቅ ጆሮው የታመነ፣ ስሙ የድምፅ ማጉያ ባለበት ሁሉ ይጠራ! በዓሥር ዓመት አንዲት ጊዜ እንኳ ያልተሳሳተችው የታችኛዪቱ ጎረቤትም ክንዷ አይዛል።