መንግሥት ሦስት፣ ቤተ ክርስቲያን ሰባት

ሰው ካረጀ በኋላ ከሚመጡበት ጣጣዎች አንዱ ምስክርነት ነው። ጉልበቱ አልቆ፣ ዓይኑ ፈዝዞ፣ የትናንት ራቱ ምን እንደነበረ በማያስታውስበት ዕድሜው «ያ ድሮ የሞተው ሰውዬ የማን ልጅ ነበር?» ብለው ይጠሩታል። በድንበር ሲጣሉ ይጠሩታል፣ ውርስ ሲካፈሉ ይጠሩታል፣ ልጅ ሲድሩማ ሳይጠሩት አይውሉም። በእኛ አገር ልጅ ከመዳሩ በፊት ዘር ይቆጠራል። ሁለቱ ልጆች በሰባት ቤት ውስጥ ከተገናኙ ጋብቻው ይቀራል። እናንተ ወጣቶች ታዲያ፣ ሽማግሌ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ ስታዩት ፀሐይ የሚሞቅ ይመስላችኋል። እየቆጠረ ነው።

እኔ በተፈጥሮዬ ለምስክርነት የማልመች ሰው ነኝ። «ይመስለኛል» ማለት እወዳለሁ። አስመስካሪ ደግሞ ከዚህ ቃል የበለጠ የሚጠላው የለም። ያም ሆኖ በፍኖተ ሰላምና በማንኩሳ መካከል ከእኔ የሚበልጡት ሰዎች ስላለቁ፣ ምርጫ ጠፍቶ እኔው እጠራለሁ።

ያን ሰሞን ያስጠራኝ ሳሙኤል የሚባል ጎልማሳ ነው። ጀርመን ተወልዶ ያደገ፣ ቡሬ በምርጥ ዘር በቆሎ ሥራ የመጣ፣ መልኩ ቀላ ያለ፣ አማርኛውን እንደ ትኩስ ድንች እያገላበጠ የሚናገር ልጅ ነው። ቡሬ ጤና ጣቢያ ነርስ ከሆነችው ከትዕግስት ጋር ተዋወቀ፤ ተዋደዱ። አባቷ አያ ወርቁ ጎረቤቴ ነው። ሽማግሌ ተላከ፣ እሺ ተባለ፣ ሠርጉም ከዐቢይ ጾም በፊት እንዲሆን ተቆረጠ። ዘሩን ግን ማንም አልቆጠረም። ለምን ይቆጠራል? ፈረንጅ ነዋ! ከዚህ ቀደም ትዕግስትን የጠየቀውን የመራዊ መምህር አያቶቹን አንድ በአንድ ስንበረብር የከረምን ሰዎች፣ ለዚህኛው «እናትና አባትህ ደህና ናቸው?» ብለን ብቻ አለፍነው። አያቱ ኢትዮጵያዊ እንደነበር ነግሮናል። ኢትዮጵያ ደግሞ ሰፊ ናት አልን።

ሳሙኤል እዚሁ መኖር ፈለገ። በየጊዜው ቪዛ እያሳደሱ መኖር አሰልችቶታል። ለእንደዚህ ያለ ሰው ቢጫ ካርድ የሚባል መታወቂያ አለ። የውጭ ዜጋ ቢሆንም አባቱ ወይም አያቱ፣ ግፋ ቢል ቅድመ አያቱ ኢትዮጵያዊ ከነበረ እንደ አገሩ ልጅ ኖሮ እንዲሠራ ይፈቅድለታል። ካርዱ የሚሰጠው ሌላ ከተማ ነው፤ «አያትህ የዚያ አገር ሰው መሆኑን ግን እዚያው አስመስክር» ተባለ። ስለዚህ እኔ፣ አያ ወርቁና አያ ጫኔ ለምስክርነት ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሄድን። አያ ጫኔ ሳይጠየቅ የሚመልስ፣ ከተጠየቀ ደግሞ የማያቆም የሰፈራችን ሰው ነው።

መዝጋቢዋ ልጅ የአያትየውን ስም ጠየቀች።

«አዳሙ ታከለ» አለ ሳሙኤል።

«አዳሙን አውቀዋለሁ!» አልሁ እኔ፣ ሳላስበው። «በትምህርት ከእኔ በላይ ነበር። ለትምህርት ብሎ ወጥቶ በዚያው ቀረ።»

አያ ጫኔ ከወንበሩ ተነሣ። «የታከለ ልጅ? የእማ ሙሉ ወንድም የታከለ? ልጄ፣ ጻፊ! ይኼማ የቤታችን ልጅ ነው። እማ ሙሉ የእኔም የወርቁም አያት ናት። ሥጋችን ነው!» ብሎ ሳሙኤልን አገላብጦ ሳመው። ልጂቱም ደስ ብሏት መጻፍ ጀመረች።

 አያ ወርቁ ግን ጣቱን ማጠፍ ጀመረ። ሙሉ፣ አባቱ፣ ራሱ፣ ትዕግስት። በሌላው እጁ ደግሞ ታከለ፣ አዳሙ፣ የልጁ እናት፣ ሳሙኤል።

«አያ ጫኔ» አለ ቀስ ብሎ፤ «ልጄን አራተኛ ቤት ላይ ልድራት ነው እኮ።»

 እኔ እንኳን «ይመስለኛል» ማለት አቃተኝ።

መንግሥት ቅረብ ይላል፣ ቤተ ክርስቲያን ራቅ ትላለች። መንግሥት እስከ ሦስት ትውልድ ከሆነ ና ግባ ሲል፣ ቤተ ክርስቲያን እስከ ሰባት ከሆነ ውጣ ትላለች። ልጁ መሐል ላይ ቆመ።

በማግስቱ አያ ወርቁ ግቢ ተሰበሰብን። ጌሾው ተወቅጧል፣ ድፍድፉ ተጠንስሷል፣ የትዕግስት እናት ጓዳ ገብታ አልወጣ ብላለች። አያ ጫኔ ያበላሸውን ሊያቃና ተሽቀዳደመ። «በትዳርም ካርድ ይገኛል ብላለች ልጂቱ። አያቱን አናውቀውም እንበላ። መጀመሪያ ያግባ፣ ካርዱን በሚስቱ ያመጣዋል።»

«ትናንት አገላብጠው የሳሙት ልጅ ዛሬ ማን ሊሆን ነው?» አለ አያ ወርቁ።

ሳሙኤል ቀና አለ። «አያቴን አልክድም» አለ። «ካርዱ ይቅር።»

«ካርዱ ቀርቶስ መቼ ተረፍህ?» አለ አያ ወርቁ። «እኛ አንዴ አውቀናል።»

ትዕግስት እስከዚያ ድረስ ጥግ ይዛ ነበር። መጥታ አጠገቤ ቁጢጥ አለች። «አባባ ተሻገር» አለችኝ፤ «እርስዎ ጨው ሲገዙ እንኳን ቀምሰው ነው። ይኼን ነገር እንዲሁ ይቀበሉታል?»

አልቀበለውም። የነፍስ አባታችንን ጠየቅኋቸው። የታከለ ሚስት ከመራዊ በኩል የመጣች እንደነበረችና ታናሽ እህቷ መነኩሲት ሆና ግሽ ዓባይ እንደምትኖር ሰምተዋል። ሳሙኤልን ይዤ ግሽ ዓባይ ወዳለበት ወደ ሰከላ ወጣሁ። መንገድ ላይ የፈራሁትን ብነግራችሁ ትስቁብኛላችሁ። መኪናው እንዳይገለበጥ ፈራሁ፣ መነኩሲቷ ሞተው እንዳይሆን ፈራሁ፣ በሕይወት ቢኖሩስ የሚነግሩኝን ፈራሁ።

እማሆይ ከጠበሉ መውረጃ በላይ ባለች ጎጇቸው ደጃፍ ጥጥ ይፈትሉ ነበር። ከአዳሙ የሚበልጡ ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ምላሳቸው አልደከመም። ነገሩን ሁሉ ዘርዝሬ ነገርኋቸው። ዘርዝሬ ስል፣ ከጌሾው ጀምሬ።

«አዳሙ የታከለ ልጅ ነው ያለህ ማነው?» አሉኝ።

«አገሩ ሁሉ ነው፣ እማሆይ።»

«አገሩ ሠርጉን በልቷል እንጂ መንገዱን አልሄደውም። ታላቅ እቴ የመጀመሪያ ባሏ ሞቶባት፣ ሕፃን ልጅ ይዛ ነው ታከለ የወሰዳት። ሙሽራ ልጅ አዝላ አትገባም ተባለና በበቅሎ አስቀመጧት። ልጁን ከመራዊ ጀምሮ በእግሬ ያዘልሁት እኔ ነኝ። እስካሁን ትከሻዬን ያመኛል። ታከለ ደግ ሰው ነበር፤ የእንጀራ ልጅ የሚል ቃል ደጄ አይሰማ አለ። አልተሰማም።»

«እርግጠኛ ነዎት?» አልሁ።

«አንተ ሰውዬ፣ ትከሻዬ ይዋሻል?»

ከዚያ ሳሙኤልን ወደ እሳቸው ሳቡት። ፊቱን በመዳፋቸው ዳሰሱ፣ ጆሮውን ያዙ። «የአዳሙ ልጅ ልጅ» አሉ። «ያዘልሁት ልጅ ደህና አደረ?» መሞቱን ማንም አልነገራቸውም ኖሯል። ሳሙኤል ነገራቸው። ተያይዘው ትንሽ አለቀሱ፤ እኔም አብሬ አለቀስሁ።

ስንመለስ መጀመሪያ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ለነፍስ አባታችን «ልጁ ሥጋችን አይደለም» ብዬ ቃሌን ሰጠሁ። ከዚያ አስፋልቱን ተሻግሬ ጽሕፈት ቤቱ ገባሁና «አያቱ የአገራችን ልጅ ነው፣ እናቱ ከመራዊ፣ ያደገው ማንኩሳ» ብዬ መሰከርሁ። ሁለቱም እውነት ነው።  መዝጋቢዋ ልጅ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«አባባ፣ ባለፈው ሥጋችን ነው ብላችሁ ነበር። አሁን አይደለም ትላላችሁ። ታዲያ ምናችሁ ነው?»

«አማቻችን» አልኋት።

ሠርጉ በተቆረጠለት ቀን ሆነ። እማሆይ ሠርግ ቤት አይገቡምና ከሰከላ የፈተሉትን ጥጥ ላኩ። ካርዱም ቆይቶ መጣ። ዘንድሮ ሴት ልጅ ወለዱ። አያ ጫኔ በክርስትናዋ ዕለት ተነሥቶ «ሥጋችን ናት!» ብሎ አወጀ። ሁላችንም ወደ አያ ወርቁ ዞርን። አያ ወርቁ ጣቱን አጠፈ፣ ቆጠረ፣ ፈገግ አለ። በዚህኛው ልክ ነው።

እኔ ግን የሕፃኗን ሰባት ቤት በአባቷም በእናቷም በኩል ከአሁኑ እያስቆጠርሁ ነው። አያ ወርቁ «ገና ጡት አልጣለችም እኮ» እያለ ይስቅብኛል። ይሳቅ። ነገ ደግሞ የማን የልጅ ልጅ ከየት አገር መጥቶ እንደሚጠይቃት አይታወቅም።