ሁለት ድንኳን ያለው እድር

የሐሳብ ልዩነት ውበት ነው ይባላል። ነገሩ እውነት ከሆነ፣ ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ያለው የእኛ እድር በከተማው ካሉት እድሮች ሁሉ ቆንጆው ነው። ውበታችን ከመትረፍረፉ የተነሳ እስከ ዛሬ ተስማምተን የወሰንነው ሁለት ጉዳይ ብቻ ነው። ሁለቱም በሙሉ ድምፅ ስላለፉ፣ ለትውልድ መማሪያ ይሆኑ ዘንድ እንዴት እንደተወለዱ መናገር የአባልነት ግዴታዬ ነው።

በመጀመሪያ ስለ አቀማመጣችን። የእድራችን ቤት በሁለት ረድፍ የተደረደሩ አግዳሚ ወንበሮች አሉት። የቀኙ በመስኮቱ በኩል ስለሆነ ፀሐይ ያገኘዋል፤ የግራው ከግድግዳው ሥር ስለሆነ ነፋስ አያገኘውም። ድሮ ሰው የሚቀመጠው እንደ ብርዱና እንደ ወገቡ ሕመም ነበር። በኋላ ግን ቴሌቪዥኑ ክርክር ማሳየት ሲጀምር ሕዝቡ ነቃ። የነቃ ሰው ደግሞ ወገቡን ትቶ ወገኑን ያያል።

የቀኙ አግዳሚ አለቃ አቶ አስፋው ናቸው። ከፍርድ ቤት ጡረታ የወጡ፣ «በመሠረቱ» ሳይሉ የእግዜር ሰላምታ እንኳ የማይሰጡ ሰው ናቸው። የግራው አለቃ አቶ ሀብተሥላሴ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣሉ። «በመርህ ደረጃ» ካላሉ ዋጋ አይቀንሱም፤ ካሉም አይቀንሱም። አቶ አስፋው ዝናቡ ጥሩ ነው ካሉ የግራው አግዳሚ በሙሉ ጃንጥላ ይዘረጋል። አቶ ሀብተሥላሴ ጃንጥላ ከዘረጉ ደግሞ የቀኙ አግዳሚ ጃንጥላውን በብብቱ ይዞ እየበሰበሰ ይሄዳል። እኔ በሩ አጠገብ ካለችው ዱካ ላይ ስለምቀመጥ ሁለቱም ወገኖች መሀል ሰፋሪ ይሉኛል። ይህንን ስምምነት ከሁለቱ ውሳኔዎች ጋር ያልቆጠርሁት ድምፅ ስላልተሰጠበት ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከጂራታ ሞት ነው። ጂራታ በጌጃ ሰፈር የእንጨት ሥራ ቤት የነበረው፣ አግዳሚዎቻችንንም በእጁ የሠራ፣ ጤነኛ የሚመስል ሰው ነበር። አንድ ጠዋት መጋዙን እንደያዘ ወደቀ። ሐኪሞቹ የደም ግፊት ነው አሉ። ግፊት እንዳለበት እሱም አያውቅም፣ እኛም አናውቅም፤ ለክቶት የሚያውቅ ሰው አልነበረምና። እድራችን ግን አላሳፈረውም። ድንኳኑ ሳይረፍድ ተተከለ፣ ብረት ድስቱ ወጣ፣ ወንበሩ ተደረደረ፣ ከቀብሩም የቀረ የለም። በእኛ እድር ሰው በሕይወት እያለ ብዙ ነገር ሊጎድልበት ይችላል። ከሞተ በኋላ ግን ምንም አይጎድልበትም።

ጂራታ አንዲት ልጅ ትቶ ነበር። ፋዮ ትባላለች። በነርስነት ተመርቃ፣ ሜክሲኮ አካባቢ ያሉትን ክሊኒኮች ደጅ ስትጠና ጫማ የጨረሰች ልጅ ናት። አባቷ ለምርቃቷ የግፊት መለኪያ ገዝቶላት ነበር። «ሥራ ስትይዢ ትከፍቺዋለሽ፤ መጀመሪያም እኔን ትለኪኛለሽ» ብሎ ነበርና፣ እሱም ሳይለካ፣ ካርቶኑም ሳይከፈት ቀረ።

በዚህ መሀል ከወረዳው አንድ ባለሙያ መጣ። ያመጣው ሐሳብ ቀላል ነበር። ሥራ ያጣ ተመራቂ ለሚቀጥር ድርጅት መንግሥት የደመወዙን ግማሽ ይከፍላል። ሕክምናም ከእንግዲህ ከሆስፒታል በር ሳይሆን ከሰፈር ይጀምራል። ስለዚህ እድሩ ከጓሮ ያለውን ባዶ ክፍል ይስጥ፣ የደመወዙን ግማሽ ይሸፍን፤ አንዲት ነርስ እዚያ ተቀምጣ የአባላቱን ግፊትና ስኳር ትከታተል። ልጅቷ አለች፣ ክፍሉ አለ፣ መለኪያው ከነካርቶኑ አለ። የጎደለችው «እሺ» የምትባል አንዲት ቃል ነበረች። እሷም በአጀንዳ ተያዘች።

ሰብሳቢያችን ጋሽ ኢዶሳ ስብሰባውን በጸሎት ከፈቱ። ከጸሎቱ በኋላ እግዚአብሔርን ያስታወሰ አልነበረም።

አቶ አስፋው ተነሱ። በመሠረቱ ሥራ ያጣ ወጣት የአገር ቁስል እንደሆነ፣ መንግሥት መድኃኒት ይዞ ደጅ ሲቆም በር መዝጋት ነውር እንደሆነ በሰፊው አስረዱ። «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ብለው ሲቀመጡ የቀኙ አግዳሚ አጨበጨበ። አቶ ሀብተሥላሴ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ስለ ጉዳዩ ሐሳብ እንዳልነበራቸው ጎናቸው የተቀመጡት ይመሰክራሉ። ጭብጨባውን ሲሰሙ ግን ሐሳብ መጣላቸው። በመርህ ደረጃ፣ በሌላ ሰው ገንዘብ የተቀጠረ ለእድሩ እንደማይታዘዝ፣ ዛሬ ግማሽ ደመወዝ የሰጠ ነገ ግማሽ እድር እንደሚጠይቅ፣ ግፊትም በመሠረቱ የቤተሰብ ምስጢር እንደሆነ ተናገሩ። «በመሠረቱ» የምትለው ቃል የተቃራኒ ወገን መሆኗ ትዝ ሲላቸው ደንገጥ ብለው «የሰው ወርቅ አያደምቅ» በሚል ዘጉ። የግራውም አጨበጨበ።

ከዚያ ልጅቷ ትጠየቅ ተባለ። ፋዮ ነጠላዋን አጣፍታ መሀል ላይ ቆመች።

«የየትኛው ወገን ነሽ?» አሉ አቶ ሀብተሥላሴ።

«ነርስ ነኝ።»

«እሱን አውቀናል፣ ወገንሽን ነው።»

«የታመመውን ነው የማየው፣ ጋሼ።»

መልሷ ከጥያቄው ውጪ ስለሆነ ታለፈ። ከቀኙ አግዳሚ አንዱ አሠራሩን ለመረዳት ያህል የመለኪያው ጨርቅ የሚጠቀለለው በየትኛው ክንድ እንደሆነ ጠየቀ። አብዛኛውን ጊዜ በግራ ነው አለች። ይህ መልስ ባይሰጥ ኖሮ የአገሪቱ የጤና ታሪክ ሌላ በሆነ ነበር። ቀኙ አግዳሚ፣ ገና ከመጀመሪያው አድልዎ አለበት እንዴ ብሎ ተንጫጫ። ደግፎት የመጣውን ነገር መጠርጠር ጀመረ። በቀኝም ይቻላል ስትል ደግሞ ግራው፣ ድሮስ ብለን ነበር አለ። በመጨረሻ በሁለቱም ክንድ ተለክቶ አማካዩ ለጉባኤ እንዲቀርብ የሚያጠና ኮሚቴ ተሰየመ። ኮሚቴው በእኩል ቁጥር ከሁለቱም አግዳሚ ስለተውጣጣ እስከ ዛሬ ሰብሳቢ አልመረጠም።

በሁለተኛው ስብሰባ ባለሙያው ደስ ብሎት መጣ። ባለፈው የተነሳው ሥጋት ተገቢ ሆኖ ስለተገኘ ነርሷ ተጠሪነቷ ለእድሩ ብቻ እንዲሆን ተወስኗል አለ። ይህንን ብሎ ቢቀመጥ መልካም ነበር። አስተዳደጉ ጥሩ ነውና «ለዚህ ገንቢ ሐሳብ አቶ ሀብተሥላሴን ከልብ አመሰግናለሁ» ሲል ጨመረ።

አቶ ሀብተሥላሴ ቀስ ብለው ተነሱ። በመርህ ደረጃ ሥራ ያጣ ወጣት የአገር ቁስል ነው፣ መድኃኒት ይዞ ደጅ ለቆመ በር መዝጋት ነውር ነው፣ ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ አሉ። የግራው አግዳሚ እጁ እስኪቀላ አጨበጨበ። አቶ አስፋውም ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ በመሠረቱ ዛሬ ግማሽ ደመወዝ የሰጠ ነገ ግማሽ እድር ይጠይቃል፣ ግፊት የቤተሰብ ምስጢር ነው፣ የሰው ወርቅ አያደምቅ አሉ። አንዲት ቃል አላጎደሉም። የሰውን ንግግር እንዲህ በጥሞና ማዳመጥ ብርቅ ነው።

ወይዘሮ ጠጅቱ፣ ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡት፣ አላስቻላቸውም።

«አንተ አስፋው፣ ባለፈው ይህንኑ አምጡ ስትል አልነበረም እንዴ?»

«እትዬ ጠጅቱ፣ ያኔ እኮ ሐሳቡ የእኛ ነበር።»

«ልጅቷስ?»

«የቷ ልጅ?»

ፋዮ ከበሩ አጠገብ፣ ከእኔ ዱካ ጎን ቆማ ነበር። ባለሙያው ሕዝቡ በንቃት ተሳትፏል ብሎ ጽፎ፣ ሐሳቡን ይዞ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው እድር ሄደ። የማዶዎቹ ክርክር የማያውቁ ኋላ ቀር ሰዎች ናቸውና ወዲያው እሺ አሉት። ባዶ ክፍል ስላልነበራቸው ግን በቆርቆሮ መሥራት ጀመሩ።

ከዚህ በኋላ አብሮ ማዘን አስቸጋሪ ሆነ። አንድ ለቅሶ ላይ የቀኙ ሰዎች ድንኳኑ ውስጥ ቀድመው ስለገቡ የግራዎቹ ዝናብ ላይ ቆመው አስተዛዘኑ። በቀጣዩ ጉባኤ አቶ አስፋውና አቶ ሀብተሥላሴ እኩል ተነስተው እኩል ተናገሩ፤ ሁለተኛ ድንኳን ይገዛ። ጋሽ ኢዶሳ የሚቃወም ካለ ብለው ሁለት ጊዜ ጠየቁ፤ ጆሯቸውን አላመኑም። እነሆ የመጀመሪያው የሙሉ ድምፅ ውሳኔያችን።

ሁለት ድንኳን መጋዘን ይፈልጋል። የጓሮው ክፍል መጋዘን ሆነ። መጋዘን ደግሞ ጠባቂ ይፈልጋል። ጋሽ ኢዶሳ ፋዮን ጠቆሙ። መጋዘን ቀኝም ግራም ስለሌለው የተቃወመ አልነበረም። ግማሽ ደመወዟን እንዳንከፍል ሁለት ስብሰባ የተከራከርንባትን ነርስ፣ ሙሉውን ከፍለን የድንኳን ዘበኛ አደረግናት። እንዲህ ያለ ግማሹን እምቢ ብሎ ሙሉውን የመክፈል ብልሃት ከእኛ ውጪ ያለው እድር መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ወይዘሮ ጠጅቱ አንድ ቀን ወደ መጋዘኑ ገቡ። የተጣጠፈው ድንኳን ላይ ተቀመጡና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

«ልጄ፣ ያንን የጂራታን ዕቃ ክፈቺው።»

«እሱን ሥራ ስይዝ ነው የተባልሁት።»

«ይዘሻል እኮ። አሁን ለኪኝ።»

ካርቶኑ ተከፈተ። ፋዮ እየለካች ስታለቅስ ነበር ብለው ወይዘሮ ጠጅቱ ነግረውኛል። ሁለት ጊዜ ነው የለካችው፤ የመጀመሪያው ላይ እንባዋ ቁጥሩን ስለሸፈነባት።

ከዚያ በኋላ አባላቱ ለእድሩ ንብረት ያላቸው ተቆርቋሪነት ከምን ጊዜውም በላይ ጨመረ። አንዱ ወንበር ልቆጥር ብሎ ይመጣል፣ ሌላው ገመዱ እንዳይበሰብስ ልይ ይላል። ሁሉም እጅጌው ሰፊ የሆነ ሸሚዝ ለብሶ ነው። ከቀኝ የመጣው ለግራዎቹ እንዳትነግር፣ ከግራ የመጣው ለቀኞቹ እንዳትነግር ያስምላታል።

አቶ አስፋው የመጡት ድንኳኑን አይጥ እንዳይበላው ለማጣራት ነበር።

«ስንት ሆነ?» አሉ፣ ጨርቁ ከክንዳቸው ሳይፈታ።

«ከፍ ብሏል ጋሼ። ሐኪም ቤት መሄድ አለብዎት። ጨውም ይቀንሱ።»

«የሀብተሥላሴስ?»

«የሰው አልናገርም።»

«ቁጥሩን ማን ጠየቀሽ። ይበልጠኛል ወይ ነው ያልሁት።»

ፋዮ የራሳቸውን ቁጥር በወረቀት ጻፈችላቸው። አለመመለሷ ጥሩ ነበር፤ ደስ የሚያሰኛቸው መልስ አልነበረምና። ቢበልጧቸው መበለጥ ነው፤ ቢያንሷቸው ደግሞ ሰውየው ጤነኛ ናቸው ማለት ነው።

በዚሁ መሀል በሩ ተከፈተና አቶ ሀብተሥላሴ ገቡ። የሚመጡበትን ምክንያት እያሰቡ ሲመጡ እጅጌያቸውን ቀድመው ሰብስበውት ኖሯል። ሁለቱ ሰዎች፣ አንዱ ክንዱ እንደታሰረ፣ ሌላው ክንዱ እንደተራቆተ፣ በሁለቱ ድንኳኖች መካከል ተያዩ።

«አይጥ አለ ተብዬ ነው» አሉ አቶ አስፋው።

«እኔም ስለ አይጡ ነው» አሉ አቶ ሀብተሥላሴ።

በልደታ ስለ አይጥ የተደረገ ስምምነት እንዲህ ያለ ፍሬ ያፈራል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። በሚቀጥለው ጉባኤ ሁለቱ አንድ ላይ፣ ትከሻ ለትከሻ ቆመው አጀንዳ አስያዙ። በመሠረቱም በመርህ ደረጃም፣ ድንኳን ሊጠብቅ የተቀጠረ ሰው የአባላትን ክንድ መጠቅለሉ ከሥራ ድርሻው ውጪ ስለሆነ ይቁም፣ ጠባቂዋም ትሰናበት። ጋሽ ኢዶሳ የሚቃወም አሉ። በመጋዘኑ ያልተለካ አባል በአዳራሹ አልነበረም። ማን አፉን ይክፈት? ከተቃወመ የት ታውቃለህ ሊባል ነው። ወይዘሮ ጠጅቱ እንኳ የዚያን ዕለት እግራቸውን አሟቸው አልመጡም። እኔ እንደ ልማዴ ዱካዬ ላይ ነበርሁ፤ መሀል ሰፋሪ ድምፁ አይቆጠርም። ሁለተኛው የሙሉ ድምፅ ውሳኔያችን ይህ ነው። ከጭብጨባው ርዝመት የተነሳ አንዳንዶች አነቡ።

ፋዮ ቁልፉን ለጋሽ ኢዶሳ አስረከበች። ድንኳኖቹ ሁለቱም ደህና ናቸው አለች። ካርቶኗን በብብቷ ይዛ በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ በመጀመሪያ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ግራ አየች።

«ጨዉን አደራ» አለች።

የማዶው እድር የቆርቆሮ ክፍል በዚያው ሰሞን አልቆ ስለነበር፣ ፋዮ አሁን እዚያ ተቀምጣለች። ግማሹን መንግሥት፣ ግማሹን እነሱ ይከፍሏታል። የእኛ ሰዎች በዚያ በኩል ሲያልፉ የእጅጌያቸውን ቁልፍ ቆልፈው ነው።

እኛም ሥራ አልፈታንም። መጀመሪያ ያየችው ወደ ቀኝ ስለነበር፣ የቀኙ አግዳሚ ጨው መቀነስን አቋሙ አድርጎ ያዘ። የግራው ደግሞ ጨውን ከመከላከል ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ከመጽሐፍም ጨውን የሚያመሰግን ቃል አላጣም። አቶ ሀብተሥላሴ ለመርሁ ሲሉ በሽሯቸው ላይ እየነሰነሱ ነው። አቶ አስፋው ጨው አቁመዋል፤ ሐኪም ቤት ግን አልሄዱም፤ ይህ በአቋሙ ውስጥ አልተካተተም።

ባለፈው እሁድ ደግሞ አዲስ አጀንዳ ተይዟል። ድንኳኖቹ ሁለት ስለሆኑ፣ የየትኛው ወገን ድንኳን ቀድሞ ይተከል የሚል ነው። ክርክሩ እጅግ የጋለ ነው። ቀኙም ግራውም ቅድሚያው ለእኛ ይሰጥ ብለው ቆመዋል፤ ወደ ኋላ የሚል የለም። ጋሽ ኢዶሳ በስብሰባ ከመከራከር እግዚአብሔር የወደደውን አስቀድሞ ቢጠራ አይሻልም ወይ ቢሉ፣ ሁለቱም ወገኖች መሀል ሰፋሪ አሏቸው።